መንገደኛው ብርሃን

ዛሬ የማወራችሁ ብርሃን አንድ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። ሲመጣ ሁላችንም እናየዋለን፤ ጠዋት በመስኮት ይገባል፣ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ደጅ ስንወጣ ያሞቀናል፤ ካረፈ በኋላ ግን የት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚያገኝ፣ በምን መልክ ተመልሶ እንደሚወጣ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። የጠየቁ ሰዎች ግን ነበሩ፤ ጥያቄውንም አንዱ ለሌላው እያስረከበ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አጓዙት፤ እኛም ዛሬ ከእነሱ ኋላ ቀስ እያልን እንከተላለን። ዘመኑን የምቆጥርላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሥራዎቹ መዝገብ በዚያ ዘመን የተጻፈ ስለሆነ እንዳይምታታብን ብዬ ነው።

በ1852 እንዲህ ሆነ። በእንግሊዝ አገር፣ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ የሚባል የሂሳብ ሊቅ ነበር፤ የአየርላንድ ሰው ነው፣ በስላይጎ ግዛት ከአንድ የገጠር ቄስ ቤት የተወለደ ነው። ይህ ሰው ኩዊኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት በፈሳሽ አሟሙቶ ይዟል። ፈሳሹ ቀለም የለውም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን በላዩ ላይ ስስ ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ይህን ከእሱ በፊት ጆን ኸርሸል የተባለው ሊቅ በ1845 አይቶ ጽፎታል፤ ስቶክስ ደግሞ ሰማያዊው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ማለፍ አልፈለገም።

ስለዚህ ክፍሉን አጨለመው፤ ብርሃን የሚገባበት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ተወ፤ የፀሐይዋም ብርሃን በስንጥቁ ገባ፣ ከዚያም በፕሪዝም አለፈና ተበተነ፤ ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ሐምራዊው በተራ ተዘረጋ። በዚያ አገር ሰማዩ ብዙ ጊዜ በደመና የተሸፈነ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ያለ ፀሐይ አይሆንም፤ ደመናው ገለጥ ሲል መፍጠን፣ መልሶ ሲከድን መታገሥ ነው። ከዚያም የኩዊኒኑን ቱቦ በእጁ ይዞ ወደ ቀዩ አስገባው፤ ምንም የለም። ወደ ቢጫው አሻገረው፤ ምንም የለም። ወደ አረንጓዴው አሻገረው፤ አሁንም ምንም የለም። ወደ ሐምራዊው ዳርቻ ሲደርስ ግን ቱቦው ሰማያዊ ሆኖ ማብራት ጀመረ፤ ከዚያም ሐምራዊውን አሳልፎ ዓይን ምንም ወደማያይበት ጨለማ ሲያስገባው፣ እዚያ ውስጥም አበራ።

አያችሁ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ገባና ዓይን የሚያየው ሆኖ ወጣ። ስቶክስም የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ ረዘም ያለ ሞገድ እንዳለው አስተዋለና ደንብ አድርጎ ጻፈው፤ ይህንን የብርሃን ጠባይም ፍሎረሰንስ ብሎ ስም ያወጣለት እሱ ነው። የሞገዱ መርዘም ትርጉሙ ይህ ነው፦ በመንገድ ላይ ጉልበት ቀርቷል።

ጉልበቱ የት እንደቀረ ለማወቅ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ዛሬ ታውቋል። ሞለኪውል ብርሃን ሲውጥ ከኤሌክትሮኖቹ አንዱ ወደ ከፍታ ይወጣል፤ ይህም እጅግ ፈጥኖ ይሆናል፤ አንዷን ሴኮንድ በሚሊዮን ክፈሉ፣ ያገኛችሁትን ደግሞ በቢሊዮን ክፈሉ፣ ያንን ያህል ነው። ከዚያ ሞለኪውሉ ይንቀጠቀጣል፣ አቶሞቹ አዲሱን ሁኔታ ተከትለው ቦታቸውን ያስተካክላሉ፣ ከመጣውም ጉልበት ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ይህ የሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ይፈጃል። ከዚያም በኋላ ኤሌክትሮኑ ጥቂት ይቆያል፤ አንድ ናኖ ሴኮንድ ገደማ፣ ማለት የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ። ለእኛ ይህ ጊዜ ሊባል አይበቃም፤ ለሞለኪውሉ ግን ከመንቀጥቀጡ ጋር ሲተያይ አንድ ሺህ እጥፍ ነው፤ ብዙ ነገር የሚደረግበት ሰፊ ዕድሜ ነው። በመጨረሻ ኤሌክትሮኑ ወደ ቦታው ሲመለስ የተረፈውን ጉልበት ብርሃን አድርጎ ይሰጣል፤ ጥቂቱን ለሙቀት ስለከፈለም የሚሰጠው ከተቀበለው ያንሳል፤ ሐምራዊ የተቀበለው ሰማያዊ ይሰጣል፣ ሰማያዊ የተቀበለው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይሰጣል።

ኩዊኒን ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ የተቀበለውን እዚያው ይዞ እዚያው ይሰጣል። የሰንሰለት ነገር ግን ሌላ ነው፤ እንግዲህ ወደ ሰንሰለቱ እንሂድ። በ1920 ኸርማን ሽታውዲንገር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ጎማና ጎማን የመሳሰሉ ነገሮች በጣም ብዙ አቶሞች አንዱ ካንዱ ጋር የተያያዙባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ብሎ ጻፈ። የሙያ ጓደኞቹ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው ቢከማቹ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ርዝመት የለም አሉት። እሱም አልተመለሰም፤ በዓመት ላይ ዓመት፣ በማስረጃ ላይ ማስረጃ እየጨመረ ሄደ፤ በ1953 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው 72 ዓመቱ ነበር። እነዚህን ሰንሰለቶች ነው ፖሊመር የምንላቸው፤ ጥጡም፣ ሐሩም፣ የውሃ መያዣው ፕላስቲክም ከእነሱ ወገን ናቸው።

አብዛኛው ፖሊመር ለሚታየው ብርሃን ግድ የለውም፤ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል ወይም ተበትኖ ይመለሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ በሁለት አቶሞች መካከል ጥብቅ ብለው ስለታሰሩ ንቅንቅ አይሉም። አንድ ወገን ግን አለ፤ የካርቦን አቶሞቹ በነጠላና በድርብ ትስስር እየተፈራረቁ፣ አንድ ጊዜ ነጠላ፣ አንድ ጊዜ ድርብ፣ እንደገና ነጠላ፣ እንደገና ድርብ እያሉ የሚሄዱ ናቸው። በእንዲህ ያለው ሰንሰለት ላይ የድርቡ ትስስር ኤሌክትሮኖች የአንድ አቶም ንብረት መሆናቸው ይቀርና በሰንሰለቱ ላይ ይዘረጋሉ፤ ላልተው ስለተዘረጉም የሚታየውን ብርሃን መዋጥ ይችላሉ፤ ፖሊመሩም ቀለም ያወጣል።

ከእነዚህ መካከል ዓለም በደንብ ያወቀው የመጀመሪያው ከጃፓን መጣ። በ1967 በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ሂደኪ ሺራካዋ የሚባል ወጣት ተመራማሪ አሲቲሊን የተባለውን ጋዝ ወደ ፖሊመር በመቀየር ሥራ ላይ ነበር። አሲቲሊን ብየዳ ቤት የሚነደው ጋዝ ነው። ፖሊመሩ እስከዚያ ድረስ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ሆኖ ነበር፤ ለምርምርም አይመችም። አንድ ቀን ከኮሪያ የመጣ እንግዳ ተመራማሪ አብሮ ሲሠራ፣ ሥራውን የሚያፋጥነው ካታሊስት ከሚገባው አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ በዝቶ ተጨመረ፤ ጋዙም ዱቄት መሆኑን ትቶ በፈሳሹ ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ሆኖ ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው ተበላሸ ብሎ ዕቃውን አጥቦ እንደገና ይጀምር ነበር፤ ሺራካዋ ግን ሽፋኑን አንሥቶ አየው፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ ጠየቀ፣ ከዚያም ሆን ብሎ ደጋግሞ ሠራው፤ በጥንቃቄ ሲሠራም ብር የመሰለ ስስ ወረቀት ወጣለት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ አላን ማክዳይርሚድ የሚባል፣ በኒውዚላንድ ተወልዶ በድህነት ያደገ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኬሚስት ቶኪዮ መጣና ስለ ወርቃማ ቀለም ስላለው የራሱ ፖሊመር ንግግር አደረገ። ከንግግሩ በኋላ አረንጓዴ ሻይ ቀረበ፤ ሻዩን እየጠጡ ሺራካዋ የራሱን የብር መልክ ያለውን ወረቀት አሳየው። ማክዳይርሚድም ሰውየውን ወደ አሜሪካ ጋበዘው፤ ከፊዚክስ ሊቁ ከአላን ሂገር ጋር ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ በ1976ም በወረቀቱ ላይ የብሮሚን ትነት ሲያሳርፉበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ሚሊዮን እጥፎችን ዘለለ። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለው እምነት በዚያ ተሰበረ፤ በ2000 ሦስቱም የኖቤል ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ያ ብር የመሰለ ፖሊመር ብርሃንን በደንብ ይውጣል እንጂ መልሶ አያበራም። የተቀበለው ጉልበት በፍጥነት ወደ ሌላ ሁኔታ ይወርዳል፣ ከዚያ ሁኔታ ብርሃን ሆኖ መውጣት ስለማይፈቀድለትም ሙቀት ሆኖ ያልቃል። መዋጥ አንድ ነገር ነው፣ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ የሰንሰለቱ አሠራር ትንሽ ሲለያይ ዕጣው ይለያያል። የሚሰጠውን ለማግኘት እንደገና ወደ ኬምብሪጅ መመለስ ነበረብን።

በኬምብሪጅ ካቨንዲሽ በሚባለው ቤተ ሙከራ፣ ሪቻርድ ፍሬንድ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ አንድሩ ሆምስ ከሚባል ኬሚስት ጋር ተባብሮ ይሠራ ነበር፤ ከእነሱም ጋር ጄረሚ ባሮውስና ዶናል ብራድሊ የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ። የያዙት ፖሊመር በምሕጻሩ ፒፒቪ ይባላል፤ የቤንዝን ቀለበትና ድርብ ትስስር እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ሰንሰለት ነው። በራሱ በምንም ፈሳሽ አይሟሟም፤ ስለዚህ ኬሚስቶቹ በመጀመሪያ የሚሟሟ ቀዳሚውን ይሠራሉ፣ እሱን በመስታወት ላይ ስስ አድርገው ያለብሳሉ፣ ከዚያም ያሞቁታል፤ ሲሞቅ ትርፉ ይበንና ቢጫ ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀራል። ይህ ሽፋን ሐምራዊና ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል።

በ1989 ባሮውስ የፒፒቪን ሽፋን በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል አድርጎ የኤሌክትሪክ ጠባዩን ሲመረምር፣ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርገው፣ ሽፋኑ በራሱ አበራ። ከውጭ የመጣበት ብርሃን አልነበረም፤ ከአንዱ ወገን ኤሌክትሮን ገባ፣ ከሌላው ወገን የኤሌክትሮን ክፍት ቦታ ገባ፣ በመካከል ተገናኙና ያንኑ ብርሃን ሲያርፍበት የሚሰጠውን ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ሰጡ። ጥቅምት 11 ቀን 1990 በወጣው የኔቸር መጽሔት ሥራቸውን ስምንት ሰዎች ሆነው አሳወቁ። ያኔ ከገቡት ኤሌክትሮኖች መካከል ብርሃን የሚያወጡት ቢበዛ 0.05 በመቶ ነበሩ፤ ከአሥር ሺህ አምስት ማለት ነው። ጥቂት ነው፤ ግን መስታወት ላይ ከተቀባ ፕላስቲክ ብርሃን ማውጣት እንደሚቻል ያሳየ ጥቂት ነው። ዛሬ በእጃችሁ በምትይዙት ስልክ ውስጥ የሚያበሩት አብዛኞቹ ትናንሽ የካርቦን ሞለኪውሎች ናቸው፤ እነሱም በ1987 በኮዳክ ቤተ ሙከራ የተሠሩት መሣሪያዎች ልጆች ናቸው፤ የኬምብሪጆቹ ፖሊመር ደግሞ በራሱ መንገድ ሄዶ የዚያን ሙያ በር በሰፊው ከፈተ።

አሁን ለመንገደኛው ጉዞ ጊዜ አለን፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ፖሊመሩን በተራራ ገመገም ላይ ቁልቁል የተሠራ ረጅም መንደር አድርጋችሁ ቁጠሩት። ሰንሰለቱ ሲያዩት አንድ ነው፤ ነገር ግን ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል፣ በየመታጠፊያውም ኤሌክትሮኖቹ የተዘረጉበት ነገር ይቋረጣል፤ ስለዚህ በሁለት መታጠፊያ መካከል ያለው ቀጥ ያለ ቁራጭ ሁሉ ለብቻው አንድ ቤት ነው። አጭሩ ቁራጭ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ረጅሙ ቁራጭ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ኤሌክትሮን በሰፊ ቦታ ሲዘረጋ የሚያስፈልገው ጉልበት ያንሳልና። ብርሃኑ ሲመጣ የትኛውንም ቤት ሊያንኳኳ ይችላል፤ ቤቱም ያስገባዋል፤ እዚያ ግን አያድርም። አጠገቡ ዝቅ ያለ ቤት ካለ ወደዚያ ይሻገራል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይሻገራል፣ አቀበት እምብዛም አይወጣም፣ ቁልቁለቱን ግን ሳይደክም ይወርዳል፤ በዚያች በአንዲት ናኖ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ደጃፍ ረግጦ፣ በመጨረሻ ከታችኛዎቹ ቤቶች በአንዱ ያርፍና ከዚያ ብርሃን ሆኖ ይወጣል።

ሊቃውንቱ ይህን መንገደኛ ኤክሳይቶን ይሉታል፤ ኤሌክትሮኑና ትቶት የወጣው ክፍት ቦታ ተያይዘው የሚሄዱ ጥንድ ነው። እንዲህ ስለሚጓዝም ፖሊመሩ የሚውጠው የብርሃን ዓይነት ሰፊ ነው፣ ምክንያቱም የሁሉም ቤት በር ክፍት ነው፤ የሚሰጠው ግን ጠባብና ወደ ቀዩ ያደላ ነው፣ ምክንያቱም የሚወጣው ከታችኞቹ ቤቶች ብቻ ነው። ሰንሰለቶቹን በብዙ ፈሳሽ አሟሙታችሁ ብትለያዩአቸው እያንዳንዱ የራሱን መንገደኛ ይዞ በደማቁ ያበራል፤ ደርቀው ሽፋን ሲሆኑና ሲደራረቡ ግን መንገደኛው ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው እየተሻገረ ሰፊ አገር ያገኛል፤ አገሩ በሰፋ መጠንም ወጥመድ የማግኘቱ ዕድል ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም የብርሃኑ መጠን ይቀንሳል።

ወጥመዱ ምንድን ነው ብትሉ፣ ከሁሉ የከፋው ከአየር የሚመጣው ነው። ብርሃንና ኦክሲጅን በአንድ ላይ ፖሊመሩን ሲያገኙት፣ ኦክሲጅኑ በድርቡ ትስስር ላይ ይነሣል፣ ትስስሩን ይሰብራል፣ በቦታውም ካርቦንና ኦክሲጅን የተያያዙበት ጉድለት ይተዋል። መንገደኛው እዚያ ሲደርስ ኤሌክትሮኑ ከክፍት ቦታው ይለያያል፣ ብርሃን መሆኑም ይቀራል። ከብዙ መቶ የሰንሰለት ክፍሎች አንዱ ብቻ እንዲህ ቢጎዳ የሽፋኑ ብርሃን በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ በፒፒቪ ላይ በ1990ዎቹ ተለክቷል። ልብ በሉ፤ ሌሎቹ መቶዎች ምንም አልሆኑም፣ ትስስራቸው ሙሉ ነው፣ ብርሃንም እንደ ድሮው ይውጣሉ፤ ግን የተቀበሉትን ይዘው ስለማይቀመጡ፣ እየተቀባበሉ ስለሚያስተላልፉት፣ የአንዱ ጉዳት የሁሉም ሆነ።

ይህ ባሕርይ ለሚያበራ ፕላስቲክ መከራ ነው፤ ለሌላ ሥራ ግን በረከት ሆነ። በ1992 በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ባርባራ፣ ያው አላን ሂገርና ጓደኞቹ የፒፒቪ ወገን የሆነ ፖሊመር 60 የካርቦን አቶሞች ኳስ ሆነው ከተያያዙበት ከፉለሪን ጋር ቀላቀሉት። ፖሊመሩ ብርሃን ይውጣል፣ ፍሎረሰንሱ ግን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ጠፋ ማለት ባከነ ማለት አልነበረም፤ ኤሌክትሮኑ ብርሃን ለመሆን ጊዜ ከማግኘቱ በፊት ወደ ፉለሪኑ ተሻገረ፤ ከሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ። የተሻገረ ኤሌክትሮን ደግሞ ሽቦ ከተቀጠለበት ኤሌክትሪክ ነው፤ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ፕላስቲክ መንገዱን እዚህ አገኘ። መንገደኛው ግን ሩቅ አይሄድም፤ ዕድሜው ሲያልቅ የደረሰበት አሥር ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከየትኛውም ቤት ቢነሣ ፉለሪኑ በዚያ ርቀት ውስጥ መገኘት አለበት፤ ሁለቱን እንዲህ አድርጎ ማቀላቀል የዚህ ሙያ ጥበብ ሆነ።

ሌላው በረከት ደግሞ የሰውን ሕይወት የሚነካ ነው። ቲሞቲ ስዋገር የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት፣ በመጀመሪያ በፔንሲልቬንያ በኋላም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠራ፣ የአንዱ ጉዳት የሁሉም የሚሆንበትን ነገር ገልብጦ አየው። ሰንሰለቱ ላይ አንዲት ሞለኪውል ብቻ ብታርፍና የሰንሰለቱ ሁሉ ብርሃን ቢቀንስ፣ ያቺን አንዲት ሞለኪውል ማወቅ ተቻለ ማለት ነው። በ1995 ከአንድ ተማሪው ጋር ይህን አሳየ፤ ቤቶቹ ለየብቻቸው ቢሆኑ ብርሃን የሚያጣው እንግዳው የገባበት ቤት ብቻ ነበር፤ በተርታ ሲያያዙ ግን መንገደኛው ሁሉንም ስለሚያዳርስ መንደሩ ሁሉ ይናገራል። በ1998 ደግሞ ፈንጂ የሚሠራበትን ቲኤንቲን የሚያውቅ ፖሊመር ከሌላ ባልደረባው ጋር ሠራ። ቲኤንቲ ኤሌክትሮን የሚወድ ሞለኪውል ነው፤ ሽታው እጅግ ቀጭን ነው፣ በአየር ውስጥ ከቢሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው የሚተነው። ስዋገር በሰንሰለቱ ላይ ሰፋፊ የቀለበት ጎኖችን ሠራ፤ ጎኖቹ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያራርቋቸዋል፣ በመካከላቸውም የቲኤንቲ ሞለኪውል የምትገባበት ክፍተት ይተዋሉ። ቲኤንቲዋ ገብታ ስትቀመጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ትነጥቃለች፣ ሽፋኑም ወዲያው ይደበዝዛል። ይህ ሥራ ፊዶ በሚባል መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ፈንጂ ለመፈለግ ዋለ።

ይህን ስነግራችሁ የእኛ አገር መሬት ትዝ ይላችኋል። ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ፣ በኦጋዴኑ ጦርነት፣ በእርስ በርሱ ውጊያ፣ እስከ 1998–2000ው የድንበር ጦርነት ድረስ በየዘመኑ የተቀበረ ፈንጂ አለ፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ እንጨት የምትለቅም እናት፣ ጦርነቱን ያላዩ ሰዎች ረግጠውታል። ከፕላስቲክ የተሠራው ፈንጂ ብረቱ ጥቂት ስለሆነ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ሊስተው ይችላል፤ በአፈሩ ውስጥ አልፎ የሚወጣውን ትነት የሚያይ ነገር ለዚህ ነው የተፈለገው። ኢትዮጵያም ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ2004 አጽድቃለች። መንገድ ላይ ያለን ሰው ማዳን ማንም ማብራሪያ የማይጠይቅበት ነገር ነው፤ ያ ማዳን አንዲት ሞለኪውል ከማየት ሊጀምር መቻሉ ግን ይገርማል።

የሰንሰለቱ ጉዳይ ወደ እኛም ቤት ገብቷል። በአራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል፣ እንዲህ ያሉ ፖሊመሮችን ሠርተው ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ለማውጣት የሚደክሙ ምሁራን ከቆየ ዘመን ጀምሮ አሉ። ወንድማገኝ ማሞ በስዊድን አገር ከቻልመርስ ዩኒቨርሲቲው ማትስ አንደርሾን ቡድን ጋር ሆነው አዳዲስ ሰንሰለቶችን ሠርተዋል፤ ሽመልስ አድማሴም በሊንሾፒንግ ከኦሌ ኢንጋናስ ቡድን ጋር ሆነው ፖሊመሮቹ በፀሐይ ሴል ውስጥ የሚያደርጉትን መርምረዋል፤ ከእነሱም ሥር ብዙ ተማሪዎች ተምረዋል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራምም በእንዲህ ዓይነቱ ትብብር ላይ እጁን ዘርግቷል። በዚህ ሙያ ተማሪው ሰንሰለቱን ይሠራል፣ ያጥበዋል፣ ያሟሟዋል፣ መስታወት ላይ ያለብሰዋል፣ ከዚያም ብርሃን ይልክበትና መልሶ የሚሰጠውን ይመዘግባል፤ ኤሌክትሮን ተቀባዩን ሲጨምርበት ብርሃኑ ከጠፋ ይደሰታል፤ እዚህ ላይ መጨለሙ የምሥራች ነውና፣ ኤሌክትሮኑ ተሻግሯል ማለት ነውና።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ ከሰማዩ የሚወርደው አልትራቫዮሌት፣ ያ ከሐምራዊው ያለፈው የማይታይ ብርሃን፣ ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ፀሐያችን ለጋስ ናት፣ ፖሊመሩን የምታስረጀውም ያችው ናት። ስለዚህ የሚቀረው ሥራ ትልቁ የማቆየት ሥራ ነው፤ አየርና እርጥበት እንዳይገባ ማሸግ፣ ሲሠራ የቀረበትን ካታሊስት እስከ መጨረሻው ማጠብ፣ ኦክሲጅን የማይደፍረውን ትስስር መምረጥ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ሁሉ ጉዞ የምይዘው አንድ ነገር አለ። ሰንሰለቱ ብርቱ የሆነበትና ደካማ የሆነበት ምክንያት አንድ ነው። የተቀበለውን ብቻውን ስለማይይዝ አንዲትን ሞለኪውል ማወቅ ቻለ፤ የተቀበለውን ብቻውን ስለማይይዝ አንድ ጉድለት አጨለመው። አንዱን ጠባይ ወስደን ሌላውን መተው አንችልም። አብሮ መያያዝን የመረጠ ሁሉ ከመቶዎቹ እያንዳንዱን መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ጥበቃውም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት፣ የተሰበረው ትስስር ተመልሶ አይጠገንምና። ይህን ፖሊመር ሳያስተምረንም እናውቀው ነበር፤ በቤታችንም በመንደራችንም አይተነዋል።

በየቤተ ሙከራው መብራት አጥፍተው ትንሿን ብርሃን ለሚጠብቁ ልጆቻችን ዕድሜ ይስጥልን። ያልታሰበ ነገር ሲወጣላቸው ተበላሸ ብለው ሳይጥሉ አንሥተው የሚያዩበት ልቡና ይስጣቸው፤ ዕቃ ሲጎድል የሚሞላላቸው፣ ሲደክሙ የሚተካቸው፣ ሲሳካላቸው የሚረከባቸው ሰው ይስጣቸው። አሜን በሉ።